ፊደልን ከፎንት ማላቀቅ

አራት ኪሎ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ከኮታቸው ኪስ ፍላሽ አውጥተው ለታይፒስቷ አቀበሏት። ፍላሹ ላይ ያለው በ1990ዎቹ ጽፈው ያሳተሙት የትውልድ ወረዳቸው ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን እንደገና ላሳትመው የሚል ሰው መጥቷል፤ የጠየቃቸውም ሶፍት ኮፒውን ብቻ ነው። ልጅቷ ፋይሉን ከፈተችው፤ ወደ ታች ወረደች፤ ወደ ላይ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አማርኛ አይደለም።»

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል ነው፤ ትልቁና ትንሹ ተደባልቋል፤ መሀል መሀሉ ላይ ቃለ አጋኖና የማባዛት ምልክት ተሰግስጎበታል።

«ልጄ፣ እኔ ከአማርኛ በቀር አልጻፍኩም። እያንዳንዱን ገጽ ራሴ ነኝ ያረምኩት።»

«ይገባኛል ጋሼ። የተጻፈበት ፎንት እኛ ጋ የለም። መጽሐፉን ካመጡልኝ እያየሁ እንደ አዲስ ልተይብልዎት እችላለሁ፤ በገጽ ነው የምናስከፍለው።»

ያሳሰባቸው ዋጋው አልነበረም። መጽሐፉ በሰው ስም፣ በቦታ ስምና በዘመን ቁጥር የተሞላ ነው። እንደ አዲስ ከተተየበ ያ ሁሉ እንደ አዲስ መታረም አለበት፤ ዓይናቸው ደግሞ እንደ ዱሮው አይደለም። ፍላሹን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

እንዲህ ያለ ፋይል በየቤቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየማተሚያ ቤቱ ተቀምጧል። ባለቤቱ ሲከፍተው የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም። ጽሑፉ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት እዚያው አለ፤ ወደ ዛሬው አጻጻፍ የሚያሻግሩት መሣሪያዎችም ገንዘብ ሳይከፈልባቸው ይገኛሉ። የሚያንሰው መሣሪያዎቹን በቅደም ተከተላቸው የሚያውቅ ሰው ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሊተርፍ ይችል የነበረው ጽሑፍ የእውነት ይበላሻል፤ ይህን ዘገባ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቦታ ጥበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በአገራችን የተለመዱት ኮምፒውተሮች አንዱን ፊደል በአንድ ባይት ያስቀምጡ ነበር። አንድ ባይት የሚይዘው 256 የተለያዩ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ 32ቱ ለማሽኑ የውስጥ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ ግዕዞች ከነካዕባቸው እስከ ሳብዓቸው ሲቆጠሩ ብቻ 231 ይሆናል። በዚያ ላይ እነ ሏ፣ ቧ፣ ኳና ጓ አሉ። የግዕዝ ቁጥሮች አሉ፤ ሁለት ነጥቡ፣ ነጠላ ሰረዙ፣ ድርብ ሰረዙና አራት ነጥቡ አሉ። አይበቃም።

የዚያ ዘመን የሶፍትዌር ባለሙያዎች ሁለት መላ ዘየዱ። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት አከፋፈሉት፤ ታይፒስቱ ሳያውቀው አንዱ ቃል ውስጥ ፎንቱ ይቀያየራል። ሌሎቹ ደግሞ ግንዱንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀመጡ። በሁለቱም መንገድ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ለላቲን ፊደል የተመደበው ቁጥር ነው፤ ፎንቱ በዚያ ቁጥር ላይ የአማርኛ ቅርጽ ይስልበታል። በአንድ በስፋት ይሠራበት በነበረ ፎንት «ኢትዮ» ብሎ የጻፈ ሰው ፋይሉ ውስጥ ያኖረው ትንሿን ኤክስ፣ ቃለ አጋኖን፣ ትልቁን ቲንና የማባዛት ምልክትን ነው። ኤክሷ «አ» ናት፤ ቃለ አጋኖው ከኋላዋ ሲከተል «ኢ» ትሆናለች። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ ዓይን የሚያየው ጥሬውን የላቲን ፊደል ነው። ከአንዳንድ የድሮ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ላይ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጎ ሌላ ቦታ ለመለጠፍ የሞከረ የሕግ ተማሪ ይህን በሚገባ ያውቀዋል።

ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ቢስማሙ ኖሮ ችግሩ በቀለለ ነበር። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ብራና፣ አጋፋሪ፣ ሁሉም የየራሳቸው አቀማመጥ ነበራቸው። በአንዱ «መ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ነው። እነዚህን ሥራዎች ማቃለል አልፈልግም። አማርኛ በኮምፒውተር አይጻፍም በሚባልበት ጊዜ ጋዜጣውን፣ መጽሔቱን፣ የፍርድ ቤቱን ውሳኔና የመመረቂያ ጽሑፉን ያጻፉን እነሱ ናቸው። ዘመናቸው ግን አልፏል።

ያሳለፈው ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ሰነድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ መጀመሪያ የገቡት 345 ምልክቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ስልክና ኮምፒውተር ላይ ቁጥሯ 4608 ነው። ፎንት ቢቀየር ቅርጿ ይለወጥ ይሆናል እንጂ «ሀ»ነቷ አይለወጥም። ያም ሆኖ ሽግግሩ ፈጥኖ አልመጣም። ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር አብሮ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን እጁ በአሮጌው የለመደ ታይፒስትና ማተሚያ ቤት በአሮጌው ቀጥሏል። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ፋይል ስናገኝ ዕድሜው ብቻ አይነግረንም፤ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት በሌለው ሌላ ሥፍራ፣ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና ፕሮፌሰር የሆኑት ጆን ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. በ2006 ፓንዶክ የተባለ ፕሮግራም ለቀቁ። የሙያ መስካቸው ሎጂክና የቋንቋ ፍልስፍና ነው። ፓንዶክ የተጻፈው ሐስኬል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ ሥራው አንዱን የሰነድ ዓይነት ወደ ሌላው መለወጥ ነው፤ ዎርድን ኢፐብ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፣ የድረ ገጹን ኤችቲኤምኤል ወደ ዎርድ፣ የኅትመት ማሰናጃውን ላቴክ ወደ ኤችቲኤምኤል። መስኮት፣ አዶና ምናሌ የለውም። ተርሚናል ተብሎ በሚጠራው ጥቁር ገጽ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፍለታል፤ ሥራውን ጨርሶ ዝም ይላል።

ብልሃቱ ያለው መሀል ላይ ነው። 30 ዓይነት ሰነድ እያንዳንዱን ወደ እያንዳንዱ ለመለወጥ ለየጥንዱ መለወጫ ቢሠራ 900 ገደማ መለወጫ ያስፈልጋል። ፓንዶክ ግን የቦሌን አውሮፕላን ማረፊያ መንገድ ይከተላል፤ ከሌጎስ ወደ ጓንጁ የሚሄደውም፣ ከሐራሬ ወደ ሮም የሚሄደውም አዲስ አበባ ላይ ወርዶ ይሳፈራል። እያንዳንዱ ሰነድ መጀመሪያ ወደ አንድ የጋራ ውስጣዊ ቅርጽ ይገባል። በዚያ ቅርጽ ውስጥ ርዕሱ ርዕስ፣ አንቀጹ አንቀጽ፣ የግርጌ ማስታወሻው የግርጌ ማስታወሻ ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ ወደ ተፈለገው ዓይነት ይጻፋል። በዚህ መንገድ 30 የሚያነቡና 30 የሚጽፉ ክፍሎች ይበቃሉ፤ አዲስ የሰነድ ዓይነት ሲመጣም አንድ የሚያነብና አንድ የሚጽፍ ክፍል ከተጨመረለት ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ይገናኛል።

ይህ መሀል ላይ ያለው ቅርጽ የጽሑፉን አደረጃጀት ይይዛል፤ መልኩን አይዝም። የገጽ ኅዳግ ስፋት፣ የፊደል መጠን፣ የፎንት ስም እዚያ ቦታ የላቸውም። ለእንግሊዝኛ ወይም ለፈረንሳይኛ ጸሐፊ ይህ ጸጋ ነው፤ ጽሑፉ ከጌጡ ተላቆ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በአሮጌ ፎንት ለተጻፈ አማርኛ ግን ወጥመድ ነው። ኤክስና ቃለ አጋኖ ሲቀጣጠሉ «ኢ» እንደሆኑ የሚናገረው ብቸኛ ምስክር የፎንቱ ስም ነው። ፓንዶክ የዎርዱን ፋይል ሲያነብ ያንን ምስክር ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ እውነተኛው የእንግሊዝኛ ቃልና አማርኛ የነበረው የላቲን ምልክት በአንድ ላይ ይቀላቀላሉ። የታሪክ መጽሐፍ ደግሞ በውጭ ደራሲያን ስምና በእንግሊዝኛ ጥቅስ የተሞላ ነው። የትኛው አማርኛ እንደነበር፣ የትኛው ከመጀመሪያውም እንግሊዝኛ እንደነበር ማሽን ሊለየው አይችልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ፋይሉ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ካለ ይህ ይያዝልኝ።

መምህሩን ያገኘኋቸው ይህን ሥራ በሚያውቀው የእህታቸው ልጅ ቤት ነበር፤ ወጣቱ ሶፍትዌር ሠሪ ነው። ፍላሹን ሲቀበላቸው መጀመሪያ ያደረገው ነገር የፎልደሩን ሙሉ ቅጂ ወደ ኮምፒውተሩ ወስዶ ዋናውን ማስቀመጥ ነው። «አጎቴ፣ በዋናው ላይ አንሠራም፤ ምንም ብናበላሽ እሱ አለ» አላቸው። ቀጥሎ ከፋይሎቹ አንዱን ከፍቶ ጽሑፉን መረጠና የፎንት ስም በሚታይበት ሳጥን ላይ ጣቱን አሳረፈ። ፎንቱ ኮምፒውተሩ ላይ ባይኖርም ስሙ እዚያ ተጽፏል። አብዛኛው ሰው የማያየው ትልቁ መረጃ ይህ ነው።

ፋይሎቹ ዶክ የሚባለው የድሮው የዎርድ ዓይነት ናቸው፤ ፓንዶክ ይህን አያነብም። ለዚህ የሚያስፈልገው ሊብሬ ኦፊስ ነው። ሊብሬ ኦፊስን ሁላችንም የምናውቀው በመስኮቱ ነው፤ ግን ያለ መስኮት ከተርሚናል ላይም ይሠራል። ወጣቱ የፕሮግራሙን ስም፣ ያለ መስኮት ሥራ የሚለውን ምልክት፣ ወደ ዶክኤክስ ለውጥ የሚለውን ትእዛዝ፣ በመጨረሻም በፋይል ስም ቦታ ኮከብ ምልክትና ዶክ የሚለውን ማብቂያ ጻፈ። ኮከቡ «እዚህ ፎልደር ውስጥ ያሉት ሁሉ» ማለት ነው። የመጽሐፉ ምዕራፎች በሙሉ በአንድ ትእዛዝ ተለወጡ። አንድ በአንድ እየከፈተ «ሴቭ አዝ» የሚል ሰው ግማሽ ቀኑን በዚህ ይፈጃል፤ ሲደክመው አንዷን ምዕራፍ ሊዘላትም ይችላል።

ዶክኤክስ እ.ኤ.አ. በ2006 ደረጃ ሆኖ በጸደቀው ሰነድ መሠረት የሚጻፍ ዓይነት ነው። በውስጡ የታመቀ ፎልደር ነው፤ ማብቂያውን ወደ ዚፕ ቀይሮ የሚፈታው ሰው ጽሑፉን በሚነበብ ኤክስኤምኤል ያገኘዋል። እያንዳንዱ የጽሑፍ ቁራጭ ከፎንቱ ስም ጋር ተመዝግቧል። የፊደል መለወጫው ፕሮግራም የሚመረኮዘው በዚህ ላይ ነው። ለግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር መግባት ብዙ የደከሙት ዳንኤል ያዕቆብ በሚመሩት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በኩል በነፃ የተለቀቀ እንዲህ ያለ መለወጫ አለ። ፕሮግራሙ ዶክኤክሱን ከፍቶ የሚያውቃቸውን የአሮጌ ፎንቶች ስም ይፈልጋል፤ በእነሱ የተጻፈውን ብቻ በሰንጠረዡ እያየ ወደ ዩኒኮድ ይቀይራል፤ በሌላ ፎንት የተጻፈውን እንግሊዝኛ አይነካም። ኤክስ ሲያገኝ ቀጥሎ ያለውን ሳያይ «አ» ብሎ አይወስንም፤ ቃለ አጋኖ ተከትሏት እንደሆነ መጀመሪያ ያጣራል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ተለውጦ ሲከፈት መምህሩ ወንበራቸውን ስበው ቀረቡ። የሚያነቡት ጮክ ብለው ነበር። ገጽ ሳይጨርሱ አንዲት ስህተት ያዙ፤ የወንዝ ስም ውስጥ አንድ ፊደል ሳይለወጥ ቀርቷል። ወጣቱ በጽሑፉ ውስጥ የተረፈ የላቲን ምልክት ሁሉ እንዲፈለግ አዘዘና እንዲህ ያሉትን በአንድ ዝርዝር አወጣቸው። ይህ ማጣሪያ ፈጽሞ መዘለል የለበትም፤ መለወጫው ያልገባውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ በላቲንነቱ ትቶት ያልፋልና። በዚያው አጋጣሚ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየተመታ የተጻፈው «፡፡» ሁሉ ወደ እውነተኛው አራት ነጥብ ተመለሰ። ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን በድርብ ሁለት ነጥብ የተዘጋ ዓረፍተ ነገር አልተዘጋም።

የፓንዶክ ተራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ትእዛዙ አጭር ነው፤ «ፓንዶክ» ይባላል፣ የመነሻው ፋይል ስም ይጻፋል፣ ሰረዝና ኦ ይከተላሉ፣ የመድረሻው ፋይል ስም ይዘጋል። ምን እንደሚፈለግ ከፋይሉ ስም ማብቂያ ይረዳል። ወጣቱ በመጀመሪያ የለወጠው ወደ ማርክዳውን ነው። ማርክዳውን ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የአጻጻፍ ዘዴ ሲሆን፣ ርዕስን በሀሽ ምልክት፣ አጽንዖትን በኮከብ እያመለከተ የቀረውን ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በማንኛውም መጻፊያ ይከፈታል። ዎርድ ቢጠፋ፣ ዊንዶውስ ቢቀየር የሚነበብ ነው። ሥዕሎቹና ፎቶዎቹ ለብቻቸው በፎልደር እንዲወጡለት ደግሞ ትእዛዙ ላይ ሌላ ቃል ማከል ነበረበት፤ ያ ካልታከለ ምስሎቹ ከጽሑፉ ጋር አይወጡም።

እዚህ ላይ ሌላ የቆየ ልማዳችን ገጠማቸው። የምዕራፎቹ ርዕሶች በሙሉ ተራ አንቀጽ ሆነው ወጡ። ምክንያቱ ሲጻፉ ርዕስ ተብለው አለመመዝገባቸው ነው። ታይፒስቱ ፊደሉን አደመቀ፣ አጎላ፣ በስፔስ እየገፋ ወደ መሀል አስገባው፤ ለአንባቢ ርዕስ መሰለ፣ ለኮምፒውተር ግን የደመቀ አንቀጽ ነው። ዎርድ ላይ «ሄዲንግ» የሚሉት ስታይሎች ለውበት ብቻ የመጡ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። ማውጫው ራሱን እንዲሠራ፣ ኢፐቡ በምዕራፍ እንዲከፈል፣ ማየት የተሳነው አንባቢ በስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ከርዕስ ወደ ርዕስ እንዲዘል የሚያደርገው እሱ ነው። መምህሩ የርዕሶቹን ደረጃ እየነገሩት ወጣቱ ሀሽ እየጨመረ አለፉት። ማሽን የማይሠራው ሥራ ነበር፤ የትኛው ንዑስ ርዕስ እንደሆነ የሚያውቀው ደራሲው ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ከአንዱ የማርክዳውን ጽሑፍ ለአሳታሚው ዎርድ፣ በስልክ ለሚያነቡ ኢፐብ፣ ለማተሚያ ፒዲኤፍ ወጣ። ኢፐቡ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መጽሐፉን ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን ያለ የወረዳው ተወላጅ ፖስታ ሳይጠብቅ ሊያገኘው ይችላል፤ ፊደሉንም እንደ ዓይኑ አጉልቶ ያነበዋል። ፒዲኤፍ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። ፓንዶክ ፒዲኤፍ የሚሠራው በተለምዶ በላቴክ በኩል ነው፤ የላቴክ መደበኛ ፎንት ደግሞ ግዕዝ የለውም። ምንም ሳይነገረው ከተሠራ ወይ ስህተት ብሎ ይቆማል፣ ወይ አማርኛው የነበረበትን ባዶ ትቶ ያትማል። ዚላቴክ የሚባለው ሞተር እንዲሠራበትና ዋናው ፎንት አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ እንዲሆን በትእዛዙ ላይ መጻፍ አለበት። ሁለቱም ፎንቶች በነፃ ይገኛሉ።

ብዙ ሰው ፒዲኤፍ ካለኝ ይበቃኛል ይላል። አይበቃም። ፒዲኤፍ እያንዳንዱን ቅርጽ ገጹ ላይ የት እንደሚቀመጥ የሚመዘግብ የኅትመት ሰነድ ነው፤ አንቀጽና ርዕስ የት እንደሚጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያውቅም። ፓንዶክ ፒዲኤፍ ይጽፋል እንጂ አያነብም። በአሮጌ ፎንት የተሠራ ፒዲኤፍ ብቻ የቀረው ሰው ተስፋው ገጾቹን እንደ ምስል ወስዶ ፊደል ለሚለይ ፕሮግራም መስጠት ነው። ቴሰራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛንም ትግርኛንም ያነባል፤ የሚያወጣው ጽሑፍ ግን ቃል በቃል መታረም ይኖርበታል፤ መምህሩን ያሳሰባቸው ሁለተኛ እርማት ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ በተርሚናል መሥራት ለምን ያስፈልጋል? ፋይል ጭነን የምናስለውጥባቸው ድረ ገጾች አሉ። እኔ አልመክራቸውም። ያልታተመ መጽሐፍ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የሕመምተኛ ካርድ ወይም የቤተሰብ ደብዳቤ ባለቤቱን ወደማናውቀው ኮምፒውተር መላክ አይገባም። ፓንዶክና ሊብሬ ኦፊስ አንዴ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቁም፤ ኔትወርክ በሌለበት ከተማም ይሠራሉ። ትእዛዙን ደግሞ በወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል። ዛሬ አንድ ፋይል የለወጠ መስመር ነገ አንድ ሙሉ መዝገብ ቤት ይለውጣል፤ የጻፈው ሰው ሥራ ቢለቅ እንኳ ተተኪው ያንኑ መስመር ይደግመዋል።

መዝገብ ቤት ያላችሁ መሥሪያ ቤቶች፣ ማተሚያ ቤቶችና የጋዜጣ ዝግጅት ክፍሎች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ሕግና ውሳኔ በዩኒኮድ ካልተቀመጠ ዜጋ በቃል ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም፤ ጋዜጣ በዩኒኮድ ካልተቀመጠ ተመራማሪ አይደርስበትም። የዚያን ዘመን ፎንቶች የሠሩና በእነሱ ብዙ የተየቡ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ሰንጠረዡ ያልታወቀ ፎንት ሲገኝ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ ቤትህ የድሮ ሲዲ፣ ፍሎፒ ወይም ፍላሽ ካለ አሳታሚ እስኪመጣ አትጠብቅ። በዚህ ሳምንት ክፈተው፤ የፎንቱን ስም ጻፈው፤ ፎንቱ ራሱ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከተገኘ ቀድተህ ከዋናው ፋይል ጋር አስቀምጠው፤ ከዚያ ወደ ዩኒኮድ አስለውጠው። ዋናውን ፋይል ግን ምንም ቢሆን አታጥፋው።